ጸጥ ያለውን ክፍል መልሱልን፦ ለፌስቲቫሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት፤

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በየሰመሩ የኮሚክ፣ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) እና የጌም ፌስቲቫል ታዘጋጃላችሁ። እኛ ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግርበት ሁኔታ) እና መሰል ልዩነት ያላቸው ልጆች ወላጆች ነን። በስብስባችን ውስጥ ራሳቸው ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶችም አሉ። ይህን ደብዳቤ አብረውን አንብበዋል፤ ያስተካከሉትም አለ።

የምንጽፈው ስለ ዘንድሮው ውሳኔያችሁ ነው። ባለፉት ዓመታት ፎቅ ላይ የነበረው ጸጥ ያለ ክፍል ዘንድሮ አልነበረም። ቦታው ለሻጮች ተከራይቷል። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ለቤተሰቦቻችን ይሰጥ የነበረው ጸጥ ያለ ሰዓትም ተሰርዟል። ሁለቱንም ያወቅነው በር ላይ ከደረስን በኋላ ነው። ከፌስቲቫሉ ማግስት ጀምሮ በኢሜይል ጽፈናል፣ ደውለናል። በጽሑፍ መልስ የሰጠን የለም። ስለዚህ ነገሩን አደባባይ አውጥተነዋል።

ደብዳቤው ለእናንተ ቢሆንም ሌላውም የማኅበረሰባችን ሰው እንዲያነበው እንፈልጋለን። እናንተ የምታውቁትን ጥቂት ነገር ብንደግም በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍሉ ትልቅ አልነበረም። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ምንጣፍና ትራስ የተዘረጋበት፣ በሩ ላይ አንድ በጎ ፈቃደኛ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ጥቂት ድምፅ የሚከልሉ ሄድፎኖችና በእጅ የሚጨመቁ መጫወቻዎች ነበሩት። እነሱንም ያመጣነው እኛ ነን። ድምፁ የበዛበት ልጅ እዚያ ገብቶ ትንሽ ጋደም ይላል። ሲረጋጋ ወደ አዳራሹ ይመለሳል። ክፍሉ ከሌለ ግን የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው፤ እህትና ወንድሞቹም፣ አያቱም አብረውት። ክፍሉን የሚጠቀሙት ደግሞ የእኛ ልጆች ብቻ አልነበሩም። የምታጠባ እናት ትገባ ነበር። ራስ ምታት የያዛት ወጣት ትገባ ነበር። በከባድ የኮስፕሌይ (ገጸ ባሕርይ መምሰያ) ልብስ ውስጥ ሙቀት ያዞረው ጎረምሳም እዚያ ቁጭ ብሎ ውኃ ሲጠጣ አይተናል።

ስለ ድምፅና ብርሃን ስንናገር «ልጆቻችሁን አቀማጠላችኋቸው» የሚሉን አሉ። እስቲ ነገሩን እናስረዳ። ኦቲዝም ያለበት ሰው አእምሮ የሚሰማውን፣ የሚያየውን፣ የሚነካውንና የሚያሸተውን የሚያስተናግድበት መንገድ ከሌላው ይለያል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያሻሽል ይህንን ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። የማቀዝቀዣው ጩኸት፣ የማይክ ፉጨት፣ የፖፕኮርኑ ሽታ፣ የስክሪኑ ብልጭታ፣ የጎን ሰው ወሬ አለ። እኛ ከእነዚህ የምንፈልገውን መርጠን ሌላውን እንተወዋለን። ለእነሱ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ጉልበት ይመጣል። ሲበዛ ልጁ ጆሮውን ይይዛል፣ ይጮኻል፣ መሬት ላይ ይወድቃል ወይም ይሮጣል። አንዳንዱ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ቃል አይወጣውም። ከረሜላ ፈልጎ የሚያለቅስ ልጅ ከረሜላውን ሲያገኝ ዝም ይላል። ይህኛውን ልጅ ግን ሱቁን ሙሉ ብትሰጡትም አይቆምም። የሚቆመው ድምፁና ብርሃኑ ሲቀንስ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ። የቤተሰቦቹን ስም አንጠቅስም። የደረሰውን ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ፈቅደውልን ነው የምንጽፈው።

የመጀመሪያው ውሳኔው ሳይነገረን መፈጸሙ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች አንዲት እናት ለዘጠኝ ዓመት ልጇ የፎቶ መጽሐፍ ሠርታ ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን፤ ቴራፒስቶችም ይመክራሉ። «መጀመሪያ በዚህ በር እንገባለን። ከዚያ ባጅ እንቀበላለን። ከዚያ ደረጃውን እንወጣለን። ይህ ማረፊያችን ነው።» ፎቶዎቹ ካለፈው ዓመት የተነሱ ናቸው። ልጅቷ መጽሐፉን በቃሏ ይዛዋለች። ደረጃውን ወጥታ የምታውቀው በር ጋ ስትደርስ ውስጡ ቲሸርትና ስቲከር ይሸጣል፣ ሙዚቃ ተከፍቷል፣ ሰው ተጨናንቋል። ልጅቷ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር መምታት ጀመረች። እናቷና አክስቷ ተጋግዘው ወደ መኪና ወሰዷት። የአራት ሰው ቲኬት ከፍለው ገብተው ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። ገንዘባቸው እንዲመለስ ሲጠይቁ «ቲኬት አይመለስም» ተባሉ።

ለእነዚህ ልጆች ያልተነገረ ለውጥ ከለውጡ ራሱ ይከብዳል። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ አጭር መልእክት ብትልኩ ያቺ እናት ወይ መጽሐፉን ትቀይራለች፣ ወይ ቤቷ ትቀራለች። ምርጫው የእሷ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው የጥበቃዎቹ ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ ያስፈራን ይኸው ነው። ከአሌክሳንድሪያ የመጣ የ14 ዓመት ልጅ አለ። በአፉ አይናገርም። የሚናገረው በታብሌቱ ነው፤ ሥዕሉን ወይም ፊደሉን ሲነካ ታብሌቱ ድምፅ ያወጣለታል። በር ላይ ጥበቃው ሄድፎኑን እንዲያወልቅና ታብሌቱን ከረጢት ውስጥ እንዲከት አዘዘው። ልጁ አልመለሰም። «ስምህ ማን ነው?» ተባለ። አሁንም አልመለሰም፤ የሚመልስበትን ነገር ክተት ተብሏልና። ጥበቃው ክንዱን ያዘው። ልጁ ሲነካ ይደነግጣል፤ ገፋው። አባቱ ከኋላ ሮጦ ባይደርስ ኖሮ ነገሩ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ማሰብ አንፈልግም። ልጁ ጥቁር ነው። ቁመቱ አባቱን በልጧል። ትእዛዝ ሲሰጠው አይመልስም። እዚህ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማናችሁም አታጡትም። እናንተም የወንዶች ልጆች እናትና አባት ናችሁ።

የቀጠራችሁት የጥበቃ ድርጅት ስለ ኦቲዝም አንዲት ሰዓት ሥልጠና ቢያገኝ ይህ ላይደርስ ይችል ነበር። ሥልጠናውን በነጻ የሚሰጥ ከመካከላችን አለ። በዚህ ካውንቲ ትምህርት ቤት የምታስተምር የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት። ባለፈው ዓመትም ለመስጠት ጠይቃችሁ ነበር።

ሦስተኛው፣ አንዴ የወጣ አይመለስም የሚለው አዲሱ ደንብ። ክፍሉ ስለሌለ አንድ አባት ልጁን ለማረጋጋት መኪናው ውስጥ ይዞት ተቀመጠ። ሲመለስ አዲስ ቲኬት ግዛ ተባለ። ማረፊያ ከውስጥ ተዘግቶ፣ ወደ ውጭ መውጣትም ተከልክሎ ልጁ የት ይረፍ? ሁለቱን ውሳኔዎች ያወጣችሁት በተለያየ ምክንያት ይሆናል። እኛ ላይ ያረፉት ግን አንድ ላይ ነው።

ምግብም ተወስዶብናል። ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚበሉት የተወሰነ ነገር ብቻ ነው፤ አንዷ ደረቅ እንጀራና አንድ ዓይነት ብስኩት ብቻ ትበላለች። በር ላይ ምሳ ዕቃዋ ተወስዶ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ዋለች።

አሁን የምንናገረው ደግሞ ከዚያም የከበደ ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ጠፍቶ ነበር። በኋላ እንዳወቅነው የወጣው ዕቃ በሚራገፍበት በር ነው፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ጠባቂም አልነበረበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በሚያሳትመው ፔዲያትሪክስ መጽሔት በ2012 በወጣ ጥናት፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ የሚጠጉት ከአራት ዓመታቸው በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአስተማማኝ ቦታ ወጥተው ለመሄድ ሞክረዋል። ለእኛ ወላጆች ይህ የዕለት ተዕለት ስጋት ነው። ስለዚህ እናትየው ወዲያው ወደ መረጃ ጠረጴዛው ሮጠች። በሮቹ ይዘጉ አለች። የተደረገው ግን የልጁን ስም በማይክ ደጋግሞ መጥራት ነው። ልጁ ስሙ ሲጠራ አይመልስም። የማይኩ ጩኸት ደግሞ ይበልጥ ያርቀዋል። ያገኘችው አንዲት ሻጭ ናት፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ የመኪና ጎማ ሲያሽከረክር። እግዚአብሔር ይስጣት። በዚህ አገር ያሉ ትልልቅ መደብሮች ከ1994 ጀምሮ «ኮድ አዳም» የሚባል አሠራር አላቸው። ልጅ ጠፋ ሲባል ሠራተኛ በየበሩ ይቆማል፣ የልጁ መልክና ልብስ ለሁሉም ይነገራል፣ ፍለጋ ይጀመራል፣ ልጁ ቶሎ ካልተገኘም ፖሊስ ይጠራል። ብዙ ሺህ ሰው የሚጠራ ፌስቲቫል ይህ አሠራር የለውም ቢባል ማን ያምናል?

መድረኩን በተመለከተ ሁለት ነገር እንበል። የሚብለጨለጭ መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ ተለቋል። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሌላው ሰው ይበዛሉ፤ አንዳንዶቹን ብልጭታ ይቀሰቅስባቸዋል። ሁለተኛው የመድረክ መሪው ጉዳይ ነው። እጁን እያርገበገበ ሲደሰት የነበረ አንድ ልጅ ሳይጠየቅ ወደ መድረክ ተጎትቶ ወጣ። ሕዝቡ ሳቀ። ቪዲዮው በፌስቲቫሉ ገጽ ላይ ተለጠፈ። አውርዱልን ብለን ስንለምን ቀናት አለፉ። ልጁ የ12 ዓመት ነው፤ አስተያየቶቹን ማንበብ ይችላል። አንብቧቸዋልም።

በስልክ ያነጋገርናቸው አንድ የኮሚቴው አባል ሦስት ምክንያት ነግረውናል። በቁም ነገር ስለተናገሩ በቁም ነገር እንመልሳለን።

«ለጥቂት ሰዎች ብለን አንድ ሙሉ ክፍል መያዝ አንችልም» አሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ክትትል በሚደረግባቸው አካባቢዎች ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለበት። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ በብዙ ያድጋል። በአንድ ክፍል ውስጥ 30 ልጅ ካለ፣ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው። እናንተ ደግሞ የምትጠሩት ተራ ሕዝብ አይደለም። ኮሚክ፣ አኒሜና ጌም የሚወድ ሕዝብ ነው የምትጠሩት። እዚያ ውስጥ የእኛ ልጆች ከሌላ ቦታ ይልቅ ይበዛሉ እንጂ አያንሱም።

ይህን ነጥብ ትንሽ ብናሰፋው ይፈቀድልን። ትምህርት ቤት ለአይኢፒ (ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ ለሚወጣ የግል የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ስንጠራ «ስለ አንድ ነገር ብቻ ያወራል» ተብሎ ይነበብልናል። እንደ ችግር ነው የሚጻፈው። እናንተ አዳራሽ ውስጥ ግን ያ ልጅ ሊቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን 151 ፖኬሞኖች በቁጥር ቅደም ተከተላቸው ሲጠራ ሌላው ልጅ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ከካርቱን የሸመደደውን ንግግር ቃል በቃል ሲደግም ቤት ውስጥ «እስኪ ዝም በል» ይባላል፤ እዚያ ከጎኑ ያለው ልጅ ቀጣዩን መስመር ይመልስለታል። ዓይን ለዓይን ማየት ለሚከብደው ልጅ የኮስፕሌይ ጭምብል እፎይታ ነው። ጨዋታ መጀመር ለማትችል ልጅ የለበሰችው ልብስ ጨዋታውን ይጀምርላታል፤ ሰው ራሱ መጥቶ «እንዴት ሠራሽው?» ይላታል። ልጆቻችን ዓመቱን ሙሉ ራሳቸውን ሲያርሙ ይኖራሉ። እናንተ ጋ ሁለት ቀን እንደ ራሳቸው ይሆናሉ። ለዚህ ነው የምንቆጨው። ፌስቲቫሉን ባንወደው ኖሮ ዝም ብለን እንቀር ነበር።

«ኪራይ ጨምሯል» አሉ። እናምናለን፤ የአዳራሽ ኪራይ በዚህ አካባቢ ምን ያህል እንደሆነ ሰርግ የደገሰ ሁሉ ያውቃል። ግን ያ ክፍል ለሻጮች ሲሰጥ ያስገባውን ገንዘብ ንገሩን። ምናልባት በጋራ ልናሟላው እንችል ነበር። ማንም አልጠየቀንም። ይህን ስንል ክፍያው የእኛ ግዴታ ነው ማለታችን አይደለም። በሐምሌ 1990 የተፈረመው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ድርጅቶችንም ይመለከታል። አዳራሹን ያከራየውም የተከራየውም ተጠያቂ ናቸው። ምክንያታዊ ማስተካከያ ማድረግ ግዴታ ነው፤ የዚያንም ወጪ በአካል ጉዳተኛው ላይ መጫን ክልክል ነው። ሕጉን የጠቀስነው ልንከሳችሁ አስበን አይደለም። ማስተካከያውን እንደ ችሮታ ስላነሳችሁት ነው።

ሦስተኛው «አሜሪካኖቹ ጋ እኮ እንዲህ ዓይነት ዝግጅት አለላችሁ» የሚል ነው። አዎ አለ። እንዲያውም እንዴት እንደተጀመረ ብታውቁ ደስ ይለናል። ኦቲዝም ያለባት ልጇን ይዛ ከሲኒማ እንድትወጣ የተደረገች አንዲት የሜሪላንድ እናት በ2007 በኮሎምቢያ ከተማ ያለውን የኤኤምሲ ሲኒማ ጠየቀች። መብራቱ ሳይጠፋ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ልጆች ተነስተው መጨፈር እየተፈቀደላቸው ፊልም ታየ። ዛሬ ያ ነገር በመላ አገሪቱ ባሉ የኤኤምሲ ሲኒማዎች አለ። የተጀመረው ከእኛ ሰፈር በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ለሕዝብ ከመከፈታቸው በፊት ለእንደኛ ያሉ ቤተሰቦች ጠዋት በር ይከፍታሉ። የኒውዮርኩ የብሮድዌይ ቲያትር በ2011 «ዘ ላየን ኪንግ»ን ድምፁንና መብራቱን አለዝቦ ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች አሳይቷል። ዎልማርት ከ2023 ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሙዚቃውን ያጠፋል፣ መብራቱን ይቀንሳል። ወደ እናንተ ዓለም ስንመጣ ደግሞ ፓክስ የሚባሉት የጌም ፌስቲቫሎች «ኤኤፍኬ» የሚል ማረፊያ ክፍል አላቸው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ይቀመጥበታል።

ከሁሉም የምንወደው ግን ርካሹን ነው። ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ከ1996 ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት ያካሂዱት በነበረው ጉባኤ ላይ ባለቀለም ባጅ ይጠቀሙ ነበር። ቀይ ከሆነ «አታናግሩኝ»፣ ቢጫ ከሆነ «የማውቀው ሰው ብቻ ያናግረኝ»፣ አረንጓዴ ከሆነ «ማውራት እፈልጋለሁ፣ መጀመር ግን ይከብደኛል» ማለት ነው። ወረቀትና ፕላስቲክ ነው የሚፈጀው። ዘንድሮ ያ ባጅ ቢኖር መድረክ ላይ ተጎትቶ የወጣው ልጅ በወንበሩ ይቀር ነበር።

ታዲያ ወደነዚህ አንሄድም ወይ? እንሄዳለን። ግን ከመካከላችን የአንድ ወላጅ ቃል ይህ ነው፦ «ከልጄ ጋር ኦታኮን የሚባለው የአኒሜ ፌስቲቫል ስሄድ እናቴን ይዤ አልሄድም። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ምን እንደሚካሄድ አይገባትም፣ ትሰለቻለች። እናንተ ጋ ግን ነጠላዋን ለብሳ ከልጄ ጎን ትቀመጣለች። የኮስፕሌይ ልብሱን ጥልፍ አብረው ነው የሠሩት። ቡና ይፈላል። የልጅ ልጇ የሚያወራውን በአማርኛ የሚያስረዳት ሌላ ልጅ ታገኛለች።» ይህን የሚሰጠን ሌላ ቦታ የለም።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለመናገር ከባድ ቢሆንም እንናገረው። ማኅበረሰባችን ውስጥ ልጆቻችንን ደብቀን የምንኖር ብዙ ነን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከጓሮ አውጥቶ ለሰው ማሳየት ያፍር ነበር። የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጥተው ነው ያንን በር የከፈቱት። ነፍሳቸውን ይማር። አሜሪካ መጥተንም ሐፍረቱ አልለቀቀንም። ሰርግ አንሄድም፣ ለቅሶ ቤት በየተራ እንሄዳለን፣ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ከቅዳሴው መሃል እንወጣለን። ልጁ ሲጮህ «አሳዳጊ የበደለው» የሚል እይታ ከፊት ወንበር ይወረወርብናል። አንዳንዱ ጸበል ውሰዱት ይላል፣ አንዳንዱ ቲቪ አብዝታችሁበት ነው ይላል። ጸጥ ያለው ክፍል በር ላይ በአማርኛ የተለጠፈ ወረቀት ነበር፤ «ይህ ክፍል ዕረፍት ለሚያስፈልገው ሁሉ ነው» ይል ነበር። ያንን ወረቀት አንብባ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪም ያሳየች እናት ዛሬ የስብስባችን አባል ናት። እናንተም ይህን የምታውቁት አይመስለንም።

ጥያቄዎቻችን የሚከተሉት ናቸው።

ጸጥ ያለው ክፍል ለሚቀጥለው ዓመት ይመለስ። ከመድረኩና ከድምፅ ማጉያዎቹ ራቅ ያለ ይሁን፣ በሩ ይዘጋ፣ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ሰው ይኑርበት። ሰው ከተቸገራችሁ ተራ ገብተን እንቀመጣለን።

ቅዳሜ ጠዋት ያለው ጸጥ ያለ ሰዓትም ይመለስ። ማይክ አይኑር፣ የሚብለጨለጭ መብራት አይኑር፣ የሚገባው ሰው ቁጥር ይወሰን። በተቀረው ጊዜም ድምፁ ልክ ይኑረው። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤና ተቋም እንደሚለው 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ ነው፤ 100 ዴሲቤል ሲሆን ግን ጆሮ የሚታገሠው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ኦቲዝም ላለበትም ለሌለበትም ጆሮ ነው። ድምፅ መለኪያ መድረኩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ስልክ ላይ የሚጫን ነጻ መለኪያም አለ።

የቦታው ካርታ፣ የፕሮግራሙ ሰዓትና የየክፍሉ ፎቶ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይውጣ። ጩኸት የሚበዛባቸው ቦታዎች ካርታው ላይ ምልክት ይደረግባቸው። ለውጥ ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁን።

ባጅ ያለው ሁሉ ወጥቶ መመለስ ይፈቀድለት። ምግብ፣ ሄድፎን፣ መናገሪያ ታብሌትና ልጅ የሚይዘው ማንኛውም መረጋጊያ ዕቃ በር ላይ አይወሰድ። ልጁን ለመርዳት ብቻ ለሚገባ አንድ አጃቢ ክፍያ ይቅር።

ጥበቃዎችና በጎ ፈቃደኞች ከፌስቲቫሉ በፊት ይሠልጥኑ። የጥበቃ ድርጅቱ ውል ውስጥም ይህ ይጻፍ። ልጅ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ የተጻፈ አሠራር ይኑር፤ የዕቃ ማራገፊያው በር ጨምሮ በየበሩ የሚቆመው ሰው ስሙ ይታወቅ። ያለ ወላጅ ፈቃድ የማንም ልጅ ቪዲዮ አይለጠፍ።

ዘንድሮ ከበር ለተመለሱት ቤተሰቦች የቲኬት ገንዘባቸው ይመለስ። ክንዱ ለተያዘው ልጅና ለአባቱ ከኮሚቴው ሊቀመንበር በአካል ይቅርታ ይጠየቅ። ልጁ ታብሌቱን ይዞ ይመጣል፤ የሚላችሁም አለው።

በመጨረሻም ከኮሚቴያችሁ ወንበሮች ሁለቱን ለእኛ ስጡን፤ አንዱን ለወላጅ፣ አንዱን ራሱ ኦቲዝም ላለበት ወጣት። የሚቀጥለው ዓመት የአዳራሽ ውል ከመፈረሙ በፊት መሆን አለበት፤ ከተፈረመ በኋላ ክፍል ለመጠየቅ ይረፍዳል።

የጽሑፍ መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። ለስብሰባ የምትመቻችሁን ቀን ንገሩን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቻችንን የምንጠብቅበት ተራ ስላለን እሱ ቀን ይቀለናል።

ከአክብሮት ጋር፣

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ኦቲዝምና መሰል ልዩነት ያላቸው ልጆች ኢትዮጵያውያን ወላጆች ስብስብ አስተባባሪ

የስብስቡ የወጣቶች ተወካይ

ጸጥ ያለው ክፍል የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች ተጠሪ